የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ብርሌው ስንት ይይዛል?

ባለፉት ሳምንታት ከተላኩልን ጥያቄዎች መካከል ስለ መጠጥ የሚያነሡት በርከት ያሉ በመሆናቸው የዚህን እትም ዓምድ ለእነሱ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጠያቂዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው። ቢራ ትቼ ወደ ጠጅ ዞሬአለሁ፤ ምክንያቴም ጠጅ ከማርና ከጌሾ በቀር ሌላ ነገር ያልገባበት የአባቶቻችን መጠጥ መሆኑ ነው። በሥራ ቀናት ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት ሁለት ብርሌ እጠጣለሁ። ባለቤቴ ግን «ቢራው ይሻልህ ነበር» ትለኛለች። ከሁለታችን ትክክሉ ማን ነው? ለመሆኑስ ስንት ቢጠጣ ጤናን አይጎዳም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ባለቤትዎ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ። ማሩ የተጣራ፣ ጌሾውም ከጓሮ የተቀጠፈ ቢሆን እንኳ ጉበትዎ የሚታገለው ኢታኖል ከተባለው አልኮል ጋር ነው፤ ኢታኖል ደግሞ በጠጅም፣ በጠላም፣ በቢራም፣ በአረቄም ውስጥ ያው አንድ ነው። መጠጦቹ የሚለያዩት ይህን አልኮል በያዙት መጠን ሲሆን፣ መጠኑንም ማንኛውም ሰው በቀላሉ ሊያሰላው ይችላል። የጠጡትን በሚሊ ሊትር ይያዙ፤ ከዚያ ውስጥ ከመቶ ስንት እጁ አልኮል እንደሆነ ያውጡ፤ የተገኘውን በ0.79 ያባዙት፣ ምክንያቱም አንድ ሚሊ ሊትር አልኮል 0.79 ግራም ያህል ይመዝናል።

በዚህ ስሌት አልኮሉ 5 በመቶ የሆነና 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ገደማ አልኮል አለው። 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብርሌ የተቀዳና አልኮሉ 10 በመቶ የደረሰ ጠጅ ግን ወደ 20 ግራም ይጠጋል። እንግዲህ የእርስዎ ሁለት ብርሌ 40 ግራም ያህል ይሆናል ማለት ነው፤ ይህም ሦስት ጠርሙስ ቢራ ከመጠጣት አይለይም። ለማነጻጸር ያህል፣ 4 በመቶ የሆነ ግማሽ ሊትር ጠላ 16 ግራም፣ በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ የተቀዳ 45 በመቶ ዳግም አረቄ ደግሞ 14 ግራም ገደማ አልኮል ይይዛሉ።

ቁጥሮቹን ስጽፍ «የደረሰ»፣ «የሆነ» እያልኩ መጠንቀቄ ያለ ምክንያት አይደለም። በቢራ ጠርሙስ ላይ የአልኮሉ መጠን ተጽፎ ይገኛል፤ በብርሌ ላይ ግን የሚጽፍ የለም። ጠጅ እንደ ማሩ ብዛትና እንደ ቆየበት ቀን ከ7 እስከ 14 በመቶ፣ ጠላም ከ2 እስከ 6 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ከአንድ ጋን የተቀዳው ጠላ እንኳ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ድፍድፉ በስሎ መጀመሪያ የሚቀዳው ጠላ ኃይለኛ ሲሆን፣ በዚያው ድፍድፍ ላይ ውኃ እየተጨመረ መጨረሻ የሚገኘው ቅራሪ ደግሞ ቀጭን ነው። (በየቤቱ ቅራሪን ለልጆች መስጠት የተለመደ ቢሆንም እኔ አልደግፈውም፤ ቀጭን ነው ማለት አልኮል የለውም ማለት አይደለምና።) ጠጅ ቤት ሲገቡ «ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ?» ተብለው የሚጠየቁትም ለዚሁ ነው። ለስላሳው ብዙ ያልፈላ፣ የማሩ ጣፋጭነት ወደ አልኮል ተለውጦ ያላለቀ ነው፤ ደረቁ ግን ማሩን በልቶ የጨረሰ ነው። በአንዳንድ ቤቶች ሊቀዳ ሲል ስኳር ስለሚጨመር ግን ጣዕም ብቻውን የሚታመን ምስክር አይሆንም።

ስለዚህ አንድ ቀን ቤትዎ ያለውን ብርሌ በውኃ ይሙሉትና ውኃውን ወደ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይገልብጡት። ሃይላንዱ እስከ ግማሽ ከሞላ ብርሌዎ 250 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ ከላይ ያሰላሁልዎት ሁሉ ወደ ላይ ከፍ ይላል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ባወጣው መግለጫ ለጤና ፍጹም ጉዳት የለውም ሊባል የሚችል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። የድርጅቱ የካንሰር ጥናት ተቋምም አልኮልን እ.ኤ.አ. በ1988 ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ አስገብቶታል፤ የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የጉበት፣ የትልቁ አንጀትና የጡት ካንሰር ከአልኮል ጋር ይያያዛሉ። ይህ ማለት ግን አንድ ብርሌና ስድስት ብርሌ እኩል ይጎዳሉ ማለት አይደለም፤ ጉዳቱ ከመጠኑ ጋር አብሮ ይጨምራል። የብሪታንያ የጤና ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት መመሪያ ለወንድም ለሴትም በሳምንት ከ112 ግራም እንዳያልፍ፣ ይህንም በአንድ ማታ ጨርሶ ከመጠጣት ይልቅ ሦስትና ከዚያ በላይ በሆኑ ቀናት መከፋፈል እንደሚሻል ይመክራሉ። እርስዎ በአምስት የሥራ ቀናት በየቀኑ 40 ግራም ከወሰዱ ሳምንቱ 200 ግራም ላይ ይደርሳል፤ የእሑዱን ግብዣ አልቆጠርኩትም።

እኔ የምመክርዎ ለስላሳውን እንዲያዙ፣ አንድ ብርሌ ላይ እንዲያቆሙና በሳምንት ከሦስት ቀን እንዳያሳልፉ ነው። ጠጅን የአባቶቻችን መጠጥ ያሉትም እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በዘመናቸው ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ስለነበር አብዛኛው ሕዝብ የሚቀምሰው ግብር ሲበላ ወይም ድግስ ሲኖር እንጂ ከሥራ መልስ በየማታው አልነበረም።

ጥያቄ፦ ካገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። አማቶቼ ቤት በሄድን ቁጥር ብርጭቆዬ ጎድሎ አያውቅም፤ እምቢ ብል ንቀት ይመስልብኛል፣ እሺ ብል ደግሞ በማግስቱ ዞረ ድምሩ ሥራ አያስገባኝም። ሳላስቀይም እንዴት ልወጣው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያነሡት እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ እንደ እኔ ግምት በአገራችን ሰውን ከልኩ በላይ የሚያስጠጣው ከሱስ ይልቅ ይሉኝታ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። «በሞቴ» እና «አፈር ስሆን» የሚሉትን ግን የሚከለክል አዋጅ የለም።

ችግሩ ከየት እንደሚጀምር ለማየት አሳላፊውን ልብ ይበሉ። ጆጉን ይዞ ከኋላ ይመጣና ገና ከግማሽ ያልወረደውን ብርጭቆዎን እስከ አፉ ይሞላዋል፤ እርስዎ ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር ሲያወሩ ሌላ ይጨምራል። ከሦስት ሰዓት በኋላ «አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ» ቢሉ ውሸት አልተናገሩም፤ ብርጭቆው አንድ ነው፤ ነገር ግን ስንት ጊዜ እንደተሞላ እርስዎም አሳላፊውም አታውቁትም። ስለዚህ ዋናው ነገር የሚጠጡትን ሊቆጠር የሚችል ማድረግ ነው። ጨርሰው ባዶ ከማድረግዎ በፊት እንዳይጨመርልዎ እጅዎን ብርጭቆው ላይ ጣል ያድርጉ፤ ለዛሬ ይበቃኛል ያሉትን ከጠጡ በኋላ ደግሞ የመጨረሻውን ያስሞሉና ሳይነኩ ይተዉት። በእኛ ልማድ ባዶ ብርጭቆ ባለቤቱን ያሳፍራል፣ ያስለምናልም፤ ሙሉ ብርጭቆ የያዘን እንግዳ ግን የሚለምነው የለም።

ሁለተኛው መንገድ አስቀድሞ መነጋገር ነው። ባለቤትዎ ለእናታቸው ከበዓሉ በፊት «እሱ ብዙ መጠጥ አይስማማውም» ብለው ይንገሩ። አማትዎ ነገሩን ከያዙት ሌላው ሲያስገድድዎ የሚከላከሉልዎ እሳቸው ይሆናሉ፤ ብርዝ ወይም ቀሪቦ ለይተው ቢያስቀምጡልዎም አልደነቅም። ይህ ካልተቻለ አምቦ ውኃ ጠይቀው አንድ መጠጥ አንድ ውኃ እያሉ ማፈራረቅ ይችላሉ። መጠጡን ከምግቡ በኋላ ይጀምሩት፤ ጨጓራ ውስጥ ምግብ ሲኖር አልኮሉ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው፤ በባዶ ሆድ የተጠጣ አረቄ ግን በአጭር ጊዜ ጭንቅላት ላይ ይወጣል።

ጥሬ ሥጋ ሲቀርብ «አረቄው ይገድለዋል» የሚሉ ዘመዶች ካሉም አይመኑ። በሥጋው ውስጥ ያለ የኮሶ ትል አብሮት በሚጠጣ አረቄ አይሞትም፤ ሥጋውን የሚያድነው እሳት ነው።

ከጓደኞች ጋር ግሮሰሪ ሲገቡ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ አምስት ሆናችሁ ከተቀመጣችሁና እያንዳንዱ አንድ ዙር ካልጋበዘ የማይነሣ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት አምስት አምስት ቢራ ታዟል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ወደ 65 ግራም ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ጊዜ ከ60 ግራም ጀምሮ ያለውን ከባድ አጠጣጥ ይለዋል። የመጀመሪያውን ዙር እርስዎ ይክፈሉ፤ ግዴታዎን ጨርሰዋልና ከዚያ በኋላ አምቦ ውኃ ቢያዙ ሒሳብ ሸሸ የሚልዎ አይኖርም።

ጥያቄ፦ ሰርግ ላይ ሁለት ብርሌ ጠጅና አንድ ውስኪ ጠጣሁ። ከዚያ ቡና ተፈልቶ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቼ መኪናዬን አስነሣሁ። ደህና ገባሁ፤ ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ ትቆጣኛለች። ምን ያህል መቆየት ነበረብኝ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ቡናው እንቅልፍዎን አባርሮ ይሆናል እንጂ ከአልኮሉ አንዲት ግራም አልቀነሰም። ቀዝቃዛ ውኃ መታጠብም፣ ማስታወክም፣ ንጹሕ አየር መቀበልም እንዲሁ በደም ውስጥ የገባውን አያወጡም። አልኮሉን የሚያስወግደው በዋናነት ጉበት ሲሆን፣ እሱም ቢጣደፍ ቢለመን በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ብቻ ነው የሚያቃጥለው። ሁለቱ ብርሌ 40፣ አንዱ ውስኪ 14 ግራም ብለን ብንይዝ 54 ግራም ይሆናል፤ ይህ ከሰውነትዎ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እስከ እኩለ ሌሊት የጠጣ ሰው ማለዳ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያደርስ ገና አልኮል በደሙ ሊኖር የሚችለውም ለዚህ ነው።

በሜሪላንድ ሕጋዊው ጣሪያ በደም ውስጥ 0.08 በመቶ ነው። ይሁን እንጂ ዓይንና እጅ መዘግየት የሚጀምሩት እዚያ ከመድረሳቸው ብዙ ቀደም ብሎ ነው፤ ከዚያ በታች ሆኖም በአነዳዱ የተያዘ ሰው ሊከሰስ ይችላል። ሴቶች ተመሳሳይ መጠን ሲጠጡ በሰውነታቸው ያለው ውኃ ስለሚያንስ በደማቸው የሚገኘው አልኮል ከወንዶቹ ከፍ ይላል። ስለዚህ «እኔም እሱ የጠጣውን ነው የጠጣሁት» ብሎ ባልና ሚስት ተራ በተራ መንዳት አያስኬድም። ሰርግ የሚሄድ ሰው መኪናውን ቤቱ ትቶ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ጫት እንቅማለን፤ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ እንገባለን። ቢራ ስደረድር አልሰክርም፤ እንቅልፍ ግን እምቢ ይለኛል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ «አልሰክርም» ያሉት ነው የሚያሳስበኝ። ጫት የሚያነቃቃ፣ አልኮል የሚያደነዝዝ በመሆኑ አንዱ የሌላውን ምልክት ይሸፍነዋል። ጫት ባይቃም ኖሮ ሦስተኛው ቢራ ላይ «በቃኝ» የሚልዎ ድብታ ጫት በተቃመበት ማታ ስለማይመጣ ስድስት ሰባት ድረስ ይሄዳሉ፤ ጉበትዎ ግን ሰባቱንም ይቆጥራል። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ፣ በላዩ ብዙ አልኮል ሲጨመር ልብ ላይ ያለው ጫና ይበረታል።

እንቅልፉን በተመለከተ አልኮል ቶሎ ሊያስተኛ ይችላል፤ ነገር ግን ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ እንቅልፉን ይሰባብረዋል፣ ደጋግሞ ለሽንት ያስነሣል፣ ጠዋትም ያልተኛ ሰው አድርጎ ያስነሣዎታል። ያንን ድካም ለማባረር ደግሞ እንደገና ወደ ጫቱ ይኬዳል። መቁረጥ ያለበት መጀመሪያ ጨብሲው ነው፤ ጫቱን ከሰዓት በፊት ጀምረው በጊዜ ቢያቆሙ፣ እራት በልተው ውኃ ቢጠጡ ምርቃናው ያለ ቢራም ይበርዳል። ጫቱን ራሱን ስለመተው በሌላ እትም እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ አባታችን 61 ዓመታቸው ነው። ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ አረቄ ይጠጣሉ፤ ካልጠጡ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ያልባቸዋል። እኔና ወንድሞቼ ለሁለት ሳምንት ቤት ዘግተን አንዲት ጠብታ እንዳያገኙ ልናደርግ፣ ካልሆነም ጠበል ልንወስዳቸው ተስማምተናል። ምን ይመክሩናል? (ከደሴ)

መልስ፦ እባክዎን አይዝጉባቸው። የጻፉልኝ የጠዋት መንቀጥቀጥና ላብ የአባትዎ ሰውነት ከአልኮል ጋር ተላምዶ ያለ እሱ መሥራት እንዳቃተው የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው መጠጡን ድንገት ሲያቋርጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛውና አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ከፍተኛ ትኩሳትና የልብ መጣደፍ ሊከተል ይችላል። ሕክምና ካላገኘ ይህ ሰው ሊሞት ይችላል። ብዙ ቤተሰብ እነዚህን ምልክቶች ሲያይ «መንፈስ ያዘው» ወይም «አበደ» ብሎ በገመድ ያስራል፤ አደጋው የሚከፋውም ያን ጊዜ ነው።

ማድረግ ያለባችሁ በከተማችሁ ወዳለው ሪፈራል ሆስፒታል ወስዶ ማስመርመር ነው። ሐኪሙ እንደ ሁኔታው አስተኝቶ ወይም በቅርብ እየተከታተለ ዲያዜፓምን የመሰሉ መድኃኒቶችን በቀናት ውስጥ እየቀነሰ ይሰጣቸዋል። ታያሚን የተባለውን ቫይታሚን ቢ1ም ይጨምርላቸዋል፤ ለብዙ ጊዜ በአረቄ ላይ የኖረ ሰው ምግብ ስለማይበላ ይህ ቫይታሚን ያልቅበታል፣ እጥረቱም አንጎልን ጎድቶ የማስታወስ ችሎታን እስከ መጨረሻው ሊወስድ ይችላል። ዲያዜፓሙን ከፋርማሲ ገዝታችሁ ራሳችሁ እንዳትሰጡ አደራ፤ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ለሱስ ሕክምና ይሰጣል። ሆስፒታል እስክትደርሱ ያሉትን ጥቂት ቀናት አረቄውን ጨርሳችሁ ከመንጠቅ ይልቅ ምግብ እያስቀደማችሁ በትንሽ በትንሹ መቀነሱ ይሻላል።

ጠበሉን አልቃወምም፤ አባትዎ የሚያምኑበት ከሆነ ለጽናታቸው ትልቅ ድጋፍ ነው። ተቃውሞዬ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ እነዚያ አስጊ የመጀመሪያ ቀናት በሐኪም ዓይን ሥር ካለፉ በኋላ ጠበል መሄድ ይችላሉ። እዚያም ሲሄዱ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ከእናንተ ይልቅ ይሰማሉ።

ንግግሩን ስትጀምሩ ስካር ላይ እያሉ አትናገሯቸው፤ ወንድሞችዎ ተሰብስበው እንደ ሽምግልና ከበው ቢወቅሷቸውም ይሸሻሉ። አንድ ሰው፣ በተለይ የሚያከብሩት እኩያቸው፣ ለብቻቸው አግኝቶ አራት ነገር ይጠይቃቸው፦ መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብለው አስበው ያውቁ እንደሆነ፣ ሰው ስለ መጠጣቸው ሲናገራቸው ይናደዱ እንደሆነ፣ በመጠጣቸው ተጸጽተው ያውቁ እንደሆነ፣ ጠዋት ለመነቃቃት ይጠጡ እንደሆነ። ሐኪሞች ለምርመራ የሚጠቀሙባቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ለሁለቱ «አዎ» ያለ ሰው መታየት አለበት። አባትዎ ቢያንስ የመጨረሻውን ራሳቸው እየመለሱት ነው።

ጥያቄ፦ መድኃኒት እየወሰድኩ ቅዳሜ አንድ ሁለት ቢራ ብጠጣ ችግር አለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ የመድኃኒቱን ስም ስላልጻፉልኝ በየቤቱ የሚዘወተሩትን ብቻ ላንሣ። ፍላጂልና ቲኒዳዞል በሚወስዱበት ጊዜና ከጨረሱም በኋላ ለሦስት ቀናት አልኮል አይጠጡ፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ፊት ማቅላት፣ ማስታወክና የልብ መምታት ያመጣሉ ተብሎ በማሸጊያቸው ላይ ተጽፏል። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉበቱ በመድኃኒቱ ብቻ በቂ ሥራ ስላለበት ሕክምናው እስኪያልቅ ፈጽሞ መተው አለበት። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚጠቀም የስኳር ሕመምተኛ ሳይበላ ከጠጣ ስኳሩ በሌሊት ሊወርድ ይችላል፤ አብረውት ያሉት ሰዎች ደግሞ ሰክሮ የተኛ መስሏቸው ይተዉታል። የእንቅልፍ መድኃኒትና ትራማዶል ከአልኮል ጋር ትንፋሽ ያዳክማሉ። አሞክሲሲሊን በቀጥታ አይጋጭም። ለዞረ ድምር ሲባል የሚዋጠው ፓራሲታሞል አልፎ አልፎ ለሚጠጣ ሰው በልኩ ከሆነ አይከፋም፤ በየቀኑ ብዙ ለሚጠጣ ግን ጉበትን ይጎዳልና በእሱ ፈንታ ውኃ፣ ምግብና እንቅልፍ ይሻላል።